የጀሪካን ሳንባ፦ በወገዳ አገር የተሠራ የሞተር ሳይክል አየር ማጣሪያ

(በቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ከሙያሽ የሆነ ነገር አቅርቢ ሲሉኝ ስለ ሳንባ እናገራለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ነበር። ቃሌን እጠብቃለሁ፤ ብቻ ዛሬ የምናገርለት ሳንባ የሰው አይደለም፣ የሞተር ሳይክል ነው። አትሳቁ! እስከ መጨረሻው ከታገሳችሁኝ ሰኞ ወደየሥራችን ስንመለስ የሚጠቅመን ነገር አለበት።

አገሬ ወገዳ ነው። ለማታውቁት፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አካባቢ ማለት ነው። ከላይ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው ጉና አለ፣ ከታች የበሽሎ ቆላ አለ። ከወረታ ወደ ወልዲያ የሚያልፈው መንገድ፣ ያገሬው ሰው የቻይና መንገድ የሚለው፣ ንፋስ መውጫን አቋርጦ ይሄዳል። ከዚያ ወጥታችሁ ወደ ገጠር ቀበሌዎቹ ስትገቡ ግን አፈር ነው። ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት አንድ አይሱዙ ያለፈ እንደሆነ ከኋላው ያለውን ሞተረኛ አቧራው ከነሞተሩ ይውጠዋል።

ታናሽ ወንድሜ በዚያ አገር የጤና ባለሙያ ነው። ክትባት ይዞ ወደ ቀበሌ የሚወርደው በሞተር ነው። እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ለቤተሰቦቻችን ስል ልድገመው። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል መቆየት አለበት። የኩፍኝ ክትባት ደግሞ ዱቄቱ ከተበጠበጠ በኋላ በ6 ሰዓት ውስጥ ካልተሰጠ ይጣላል። ሞተሩ ዳገት ላይ ተንተፋትፎ ከቆመ የሚቆመው ሞተሩ ብቻ አይደለም። ልጇን አዝላ ሁለት ሰዓት የተጓዘች እናት «ዛሬ አልመጡም» ተብላ ትመለሳለች። ለሚቀጥለው ቀጠሮ መምጣቷን ማን ያውቃል? እኔ ሆስፒታል ተቀምጬ የምቀበለው ያን የቀረውን ልጅ ነው፤ ኩፍኝ ይዞት፣ ሳንባው ተመትቶ፣ አፍንጫው እየተርገበገበ። ስለዚህ የሞተር ትንፋሽ የሐኪም ጉዳይ አይደለም የሚለኝ ካለ ከሻይ በኋላ እንነጋገር።

የሆነው ነገር እንዲህ ነው። የሞተሩ አየር ማጣሪያ፣ ጋራዦቹ ፊልትሮ የሚሉት፣ ከወረቀት የተሠራ ነበር። ወረቀት በቤንዚን እየታጠበ፣ እየተራገፈ ስንት ጊዜ ይችላል? ተቀደደ። ምትኩ ከተማው ውስጥ ጠፋ፤ ቢታዘዝም ወራት ፈጀ። በዚህ ጊዜ ብዙ ሞተረኛ የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ ፊልትሮውን አውልቆ ይጥልና «ውይ፣ ቀለላት እኮ!» ይላል። እውነትም ለጊዜው ትቀላለች። አንድ አዛውንት መካኒክ ግን ወንድሜን ከለከሉት። «ሞተር በአንድ ቀን አይሞትም፣ ጥቂት በጥቂት ነው የሚበላው» አሉት። እኔም በእረፍት ወደ እናቴ ቤት ሄጄ ስለነበር ነገሩ ላይ ደረስኩ።

እስቲ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። አንድ ሊትር ቤንዚን በደንብ እንዲነድ ወደ 9,000 ሊትር አየር ይፈልጋል። አንድ ጤነኛ ሰው በቀንና ሌሊት የሚተነፍሰው አየር ወደ 10,000 ሊትር ነው። ሞተሩ አንድ ሊትር ቤንዚን በጠጣ ቁጥር የአንድን ሰው የሙሉ ቀን ትንፋሽ ይስባል ማለት ነው። ባለ 125 ሲሲ ሞተር በ5,000 ዙር ሲሮጥ በደቂቃ ወደ 250 ሊትር ይስባል፤ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጠኝ ሰው ግን በደቂቃ 6 ወይም 8 ሊትር ይበቃዋል። በዚያ ላይ የሞተሩ አፍንጫ ያለው አቧራው ከሚነሳበት ጎማ አጠገብ ነው።

የሚገባው አቧራ በዘይት ይለወስና የብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። በፒስተኑ ፋሻና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል እየገባ ሁለቱንም ይፍቃቸዋል። ፋሻው ሲያልቅ ዘይት ወደ ላይ ይወጣል፣ ሰማያዊ ጭስ ይታያል፣ ጉልበት ይጠፋል። እኛ ሲሊኮሲስ የምንለው በሽታ የሞተር ወንድም አለው ብላችሁ ያዙት፤ ምክንያቱም አቧራ ነው፣ ጉዳቱም አይመለስም።

ታዲያ ማጣሪያ እንዴት ነው የሚሠራው? ብዙ ሰው እንደ ወንፊት ነው ብሎ ያስባል፤ ቀዳዳው ጠባብ ከሆነ አቧራው ይቀራል ብሎ። አፍንጫችን ግን እንደዚያ አይሠራም። የአፍንጫ መተላለፊያ ሰፊ ነው፤ ነገር ግን ጠማማ ነው፣ ግድግዳውም እርጥብ ነው። አየር ሲታጠፍ አብሮት መታጠፍ ያቃተው ከባድ ብናኝ ግድግዳው ላይ ይጋጫል፣ ንፍጡም ይይዘዋል። በዘይት የራሰ ስፖንጅም እንደዚሁ ነው። ስፖንጁ ጠመዝማዛ መንገድ ነው፣ ዘይቱ ደግሞ ንፍጥ ነው። በድሮ ላንድሮቨርና ትራክተር ላይ የነበረው ዘይት የተሞላ ማጣሪያም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነበር። ደረቅ ስፖንጅ ግን ንፍጥ እንደሌለው አፍንጫ ነው፤ ትልቁን ይይዛል፣ ሞተር የሚበላውን ደቃቁን ያሳልፋል።

መካኒኩና ወንድሜ በመጀመሪያ የሞከሩት ቀላሉን ነበር። ቁራጭ የፍራሽ ስፖንጅ ዘይት ነክረው በካርቡሬተሩ አፍ ላይ በላስቲክ አሰሩት። ሁለት ችግር መጣ። ዳገት ላይ ሞተሩ ታፈነ፤ ያን ሁሉ አየር በአንድ መዳፍ ስፖንጅ መሳብ አልቻለም። ሁለተኛውን ችግር ያየነው ሲፈታ ነው። ከቦርሳዬ ነጭ ጎዝ አውጥቼ የካርቡሬተሩን ጉሮሮ ውስጡን ጠረግሁት። መሐሉ ንጹሕ ነው፤ በአንድ ጎን ግን ላስቲኩ ላላ ካለበት ቦታ ጀምሮ ቡናማ መስመር ወርዷል። ስፖንጁ ሥራውን ሠርቷል፣ አቧራው በጠርዝ ዞሮ ገብቷል። መካኒኩ ጎዙን በጣታቸው አሽተው «አሸዋ ነው» አሉ።

ሁለተኛውን የሠሩት በጥንቃቄ ነው። አሠራሩን ላስረዳ፣ የሚያስፈልገው ሰው ሊኖር ይችላልና።

ዕቃ መያዣው አምስት ሊትር የምግብ ዘይት ጀሪካን ነው፤ ጎኑ ተቆርጦ እንደ ክዳን የሚከፈት። በውስጡ ከሽቦ ወንፊት የተጠቀለለ የጣሳ ቅርጽ ያለው ቀፎ ይገባል። የቀፎው አንድ ጫፍ በቆርቆሮ ይዘጋል፣ ሌላው ጫፍ ወደ ካርቡሬተር በሚሄደው የጎማ ቱቦ ላይ ይጠልቃል። ቀፎው ሁለት ጣት በሚሞላ ስፖንጅ ዙሪያውን ይለበሳል። አሁን ሞተሩ የሚስበው በአንድ መዳፍ ሳይሆን በቀፎው ዙሪያ ሁሉ ነው፤ ስለዚህ አይታፈንም። የሽቦው ወንፊት ሁለት ሥራ አለው። ስፖንጁ ተስቦ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ይደግፋል፤ ሞተሩ አንዳንዴ ወደ ኋላ እሳት ሲተፋም ነበልባሉን ይሰብራል።

ስፖንጁ ሲመረጥ ሁለት ነገር ይታያል። አፍ ላይ አድርጎ ሲተነፍሱበት በቀላሉ ማሳለፍ አለበት። ከዚያ ቁራጩ ቤንዚን ውስጥ ያድራል። ጠዋት ካበጠ ወይም ከተፈረፈረ አይሆንም፤ ሞተር ውስጥ የሚፈረፈር ማጣሪያ ከአቧራው ይብሳል። ያለፈው ስፖንጅ የሞተር ዘይት ይጠጣና እስኪበቃው ይጨመቃል። የሚንጠባጠብ ዘይት ሞተሩን ያፍናል።

የጀሪካኑ አየር ማስገቢያ ከካርቡሬተሩ ጉሮሮ መጥበብ የለበትም፤ አፉም ከጎማው ርቆ፣ ከመቀመጫው ሥር ወደ ላይ መዞር አለበት። ከታች ውኃ የሚወጣባት ትንሽ ቀዳዳ ትበሳለች። የክዳኑ ዙሪያ ከአሮጌ ከመነዳሪ በተቆረጠ ቀለበት ይታሸጋል፣ በላዩ ግሪስ ይቀባል። የጎማ ቱቦው በሁለቱም ጫፍ በማጥበቂያ ብረት ይታሰራል። መካኒኩ አብዛኛውን ጊዜያቸውን ያጠፉት ስፖንጁ ላይ ሳይሆን በዚህ ቀለበት ላይ ነው።

ከዚያ ምርመራው መጣ፤ እዚህ ላይ ሐኪሟም ትንሽ ጠቀመች መሰለኝ። አንደኛ፣ ሞተሩ በቆመበት እየሠራ የጀሪካኑ ማስገቢያ በእጅ ይደፈናል፣ የታችዋም ቀዳዳ በጣት ትዘጋለች። እሽጉ ደህና ከሆነ ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል። ካልጠፋ ሌላ የሚተነፍስበት ቦታ አለ፣ ይፈለጋል። ሁለተኛ፣ ከማጣሪያው በኋላ ያለው ቱቦ ውስጡ ስስ ግሪስ ይቀባና ከአንድ ሳምንት ጉዞ በኋላ በነጭ ጎዝ ይጠረጋል። ጎዙ ላይ የሚያሻክር ነገር ከተገኘ ማጣሪያው አልሠራም። ሦስተኛ፣ ካንዴላው ተፈትቶ ይታያል። የዳቦ ቅርፊት ዓይነት ቡናማ ከሆነ ደህና ነው፤ ጥቁር ጥቀርሻ ከያዘ ሞተሩ ታፍኗል፤ ነጭ ከሆነ አየር በዝቶበታል። የእኛ ሞተር ጎዝ ከሳምንት በኋላ የዘይት ቀለም ብቻ ይዞ ወጣ። ወንድሜ ጎዙን እያሳየኝ «እትዬ፣ ውጤቱ ኔጌቲቭ ነው» አለኝ።

ስለ ከፍታ አንድ ነገር ልጨምር። ንፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። በዚያ ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ ወደ 70 በመቶ ይወርዳል። ያገራችን ሰው ለዚህ ተፈጥሮለታል፤ በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን የመረመረና በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የሂሞግሎቢናቸውም የኦክስጅናቸውም መጠን ባሕር ጠለል ላይ ካለ ሰው እንደማይለይ አሳይቷል። ካርቡሬተር ግን እንዲህ አይለምድም። አየሩ ሲሳሳ ያንኑ ቤንዚን ያፈሳል፣ ሞተሩም ይጨሳል፣ ይደክማል። ሞተረኛው ፊልትሮውን የሚያወልቀው በዚህ ምክንያት ነው፤ ድካሙ እውነተኛ ነው፣ መድኃኒቱ ግን የተሳሳተ ነው። ትክክለኛው መድኃኒት የስፖንጁን ስፋት መጨመር፣ ካስፈለገም ቤንዚን የሚያስገባውን ቀዳዳ በጠበብ ያለ መቀየር ነው።

በእጅ የተሠራ ነገር በሕክምናም አለን። የአስም ልጆች ፓፉን የሚስቡበት ስፔሰር ውድ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. በላንሴት መጽሔት የወጣ የደቡብ አፍሪካ ጥናት በግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ የተሠራ ስፔሰር እንደ ፋብሪካው ጥሩ መሥራቱን አሳየ። ብዙዎቻችን ይህን እንጠቅሳለን። የጥናቱን ሌላ ግማሽ ግን እንዘለዋለን። እንደ ፋብሪካው የሠራው መጋጠሚያው የታሸገው ጠርሙስ ነው። ያልታሸገው ከዚያ አነሰ፣ የፎም ኩባያው ከሁሉም አነሰ። ያ የወገዳ መካኒክ ላንሴትን አላነበቡም፤ ቀለበቱ ላይ ግን ግማሽ ቀን ሠርተዋል። ለኮቪድ ጊዜ ጭንብልም የተማርነው ይኸንኑ ነው፤ ጨርቁ ምንም ጥሩ ቢሆን በጉንጭ በኩል ከተከፈተ ጥቅሙ ይቀንሳል።

ይህ ቤት በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲከፈት ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሱንና ሳኒታሪያኑን አንድ ላይ ነው ያሠለጠነው። ምንጭ የሚያጎለብተውና መድኃኒት የሚያዘው በአንድ ቡድን ገጠር ይወርዱ ነበር። እኛም በቲቲፒ ጊዜ ቀምሰነዋል። ሐኪም ጋራዥ ውስጥ ምን አገባት የሚለው ጥያቄ በዚህ ቤት እንግዳ መሆን የለበትም።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ለማኅበራችን ነው። ሞተርም ሆነ መሣሪያ ስንለግስ በርክክቡ ቀን ፎቶ እንነሳለን፤ ፊልትሮ ሲቀየር ግን ማንም ፎቶ አያነሳም። ከእንግዲህ መሣሪያ የምንሰጥ ከሆነ የሁለት ዓመት ማጣሪያውን አብረን እንስጥ፣ የሚያጥበውንም ሰው አብረን እናሠልጥን።

ሁለተኛው ለእያንዳንዳችን ነው። በየምንሠራበት ክፍል የኦክስጅን ኮንሰንትሬተር አለ። እሱም ሞተር ነው፣ እሱም የክፍሉን አቧራ ይስባል። ከጀርባው ወይም ከጎኑ አየር በሚስብበት በኩል ስፖንጅ አለ፤ በሳምንት አንድ ጊዜ በሳሙና ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ መመለስ አለበት። እዚያ ዘይት አይነካም፤ ዘይትና ኦክስጅን አይገናኙም። ሰኞ ጠዋት ዙር ከመጀመራችሁ በፊት ነጭ ጎዝ ያዙና ያን ስፖንጅ አውጥታችሁ እዩት። ጠርዙንም ጥረጉት። ያገኛችሁትን ለጓደኞቻችሁ ንገሩ።