የሐር ትል በጠፈር
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የሳይንስ ክበብ አባሎች ያደረጉት ንግግር)



ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ አንድ ትንሽ ፍጥረት ነው፤ ስለ ሐር ትል። የሐር ትል ከዕንቍላል ተፈልፍሎ፥ ቅጠል እየበላ፥ ቈዳውንም 4 ጊዜ እየለወጠ ያድጋል። ከዚያም በገዛ ሐሩ ራሱን ሸፍኖ ሙሽሬ ይሆናል፤ በመጨረሻም የእሳት ራት ሆኖ ይወጣል። አዲስ የወጣው ክንፍ የተጨማደደ ነው፤ የሚዘረጋውም የሰውነቱ ፈሳሽ ወደ ክንፉ ሥሮች ሲገፋ ነው።

እንግዲህ ክብደት በማይሰማበት ስፍራ ይህ ሥርዐት እንደ ወትሮው ይፈጸማልን? ይህን ከጠየቁት መካከል እንደ እኛ ያሉ ተማሪዎች ይገኛሉ። በቻይና አገር የቤዢንግ ተማሪዎች ያሰናዱት ሙከራ፥ ከሌሎች 5 አገሮች ተማሪዎች ሙከራ ጋራ፥ ኮሎምቢያ በተባለችው የጠፈር መንኰራኵር ተጭኖ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በጃንዋሪ 16 ቀን 2003 ዓ.ም. ተነሣ።

ብዙ ሰው በዚያ ከፍታ የምድር ስበት የለም ይላል። ይሁን እንጂ በ300 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለው ስበት በምድር ላይ ካለው ከመቶ 90 ያህል ነው። መንኰራኵሯና በውስጧ ያለው ሁሉ ምድርን እየዞሩ አብረው ስለሚወድቁ ክብደት አይሰማም። ትሉም ላይና ታችን በክብደቱ ሊለይ አይችልም።

ሐኪምና የጠፈር ተጓዥ የነበረችው ሎረል ክላርክ፥ ከሐር ሽፋኑ የወጣ የእሳት ራት የተጨማደደ ክንፉን መዘርጋት ሲጀምር ማየቷን በጉዞው ላይ ሳለች ተናገረች። ሕይወት በዚያም ስፍራ መንገዷን ቀጥላ ነበር።

በፌብሩዋሪ 1 ቀን 2003 ዓ.ም. ግን መንኰራኵሯ ልታርፍ 16 ደቂቃ ያህል ሲቀራት ተሰባበረች፤ 7ቱም ተጓዦች ሞቱ። ለእነርሱ ያለን ሐዘን ከሙከራው ሁሉ ይበልጣል። የተማሪዎቹም ትሎች አልተመለሱም። ነገር ግን በጉዞው ጊዜ የታየውና ወደ ምድር የተላከው ሥዕል ቀረ።

ስለዚህ፥ ጓደኞቻችን ሆይ፥ ያየነውን በዚያው ቀን እንጻፍ፤ የጻፍነውንም ለሌላው እናሳይ። ይህን ለመልመድ መንኰራኵር አያስፈልገንም። ነቀዝ ያለበትን እህል በሁለት ጠርሙስ ከፍለን፥ አንዱን በሙቀት፥ ሁለተኛውን በቀዝቃዛ ስፍራ አኑረን የየቀኑን ለውጥ ብንመዘግብ ሙከራ ነው።

እናንተም ወላጆቻችን፥ ልጃችሁ ትል በጠርሙስ ይዞ ቤት ቢገባ፥ ከመጣላችሁ በፊት መዝገቡን አሳየን በሉት።