መኪና ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል
በደቻቱ ለሾፌሮች፥ ለረዳቶችና ለጋራዥ ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ባሌስትራ፥ ስለ ሞላና ስለ ሾክ አብዞርበር ነው። ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ልጆች ሾፌር ሊያስተምሩ መጡ እንዳትሉን። መፍቻውን እናንተ ታውቁታላችሁ፤ እኛ ይዘን የመጣነው ሜትርና ደብተር ብቻ ነው። ማንበብና መጻፍ ከተማራችሁ ወዲህ ደግሞ ደብተሩም የናንተው መሣሪያ ሆኗል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ መኪና ኋላው ወርዶ ወይም ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ሲታይ፥ ዳር የቆመው ሁሉ «አቦ፥ ባሌስትራ ጨምርበት!» ይላል። ሌላው ደግሞ «ሾኩ ሞቷል፥ ቀይረው» ይላል። ባለ መኪናው ገንዘቡን አውጥቶ ሾክ ያስቀይራል፤ መኪናው ግን እንዳዘነበለ ይቀራል። ለምን? ክብደቱን ተሸክሞ ከፍ አድርጎ የሚይዘው ባሌስትራው ወይም ሞላው ነው እንጂ ሾኩ አይደለምና። የሾኩ ሥራ ሌላ ነው፤ ሞላው ተጨምቆ ሲመለስ ደጋግሞ እንዳይዘል ይገታዋል። በውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ ሲያልፍ የዝላዩን ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። እንግዲህ ቁመት ሲጠፋ ባሌስትራን፥ ዝላይ ሲበዛ ሾክን መጠርጠር ነው።

ይሁን እንጂ ከጥርጣሬ በፊት መለካት ይቀድማል። መኪናውን ባዶ አድርጋችሁ ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሙ። የደቻቱ አሸዋ ለዚህ አይሆንም፤ ጎማ ይሰምጣል፥ ክሪክም ይንሸራተታል። በክረምት ወንዙ ውስጥ መኪና አቁሞ ሥሩ መግባትማ ከናካቴው የማይታሰብ ነው። ተራራው ላይ የዘነበው ውሃ እዚህ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ሊደርስ እንደሚችል ታውቃላችሁ፤ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ሲያልቅ በሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎች ገድሏል።

በመጀመሪያ የአራቱንም ጎማ ንፋስ አስተካክሉ። አንዳንዱ «የባሌስትራ በሽታ» እዚያው ይድናል። ቀጥሎ ከጎማው እምብርት ቀጥ ብላችሁ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለኩ። ከመሬት አትለኩ፤ የጎማው ማለቅና አለማለቅ ልኩን ያበላሸዋል። አራቱንም በሴንቲ ሜትር ደብተር ላይ ጻፉ። የኋላ ግራ 46፥ የኋላ ቀኝ 50 ቢሆን ጥፋቱ ከኋላ ግራ ነው ትላላችሁ አይደል? ቆዩ! የፊት አንዱ ሞላ ሲደክም መላውን መኪና ሊያዘነብለው ይችላል። ለማጣራት ከፊት ለፊት በመካከሉ ባለው ጠንካራ ብረት ሥር ክሪክ አግቡና ጥቂት አንሡት። ኋላው ከተስተካከለ ጥፋቱ ፊት ነው፤ እንዳዘነበለ ከቀረ ኋላ ነው። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር ግን ማንም አይግባ።

ባሌስትራ ተደራርቦ የታሰረ ዝርግ ብረት ነው። ጭቃውን አጥባችሁ አንድ በአንድ እዩት፤ ስንጥቁ ብዙ ጊዜ መካከሉ ላይ ተደብቆ ይገኛል። መካከለኛው ብሎን ከተቆረጠም አክስሉ ከቦታው ይሸሻል፥ መኪናውም ቀጥ ብሎ መሄድ ያቅተዋል። የተሰበረውን በብየዳ መቀጠል ደግሞ ጨርሶ አይገባም። ባሌስትራ ጉልበቱን ያገኘው በእሳት ግሎና ቀዝቅዞ ነው፤ የብየዳው ሙቀት ያን ጉልበት ያጠፋዋል፥ ከብየዳው አጠገብም መልሶ ይሰበራል።

በድሬዳዋና በሐረር ለብዙ አሥርት ዓመታት ታክሲ ሆኖ የሠራው ፔጆ 404 በኋላው ያለው ሞላ ነው። ሞላ ሲደክም በቀለበቶቹ መካከል ጎማ ወይም እንጨት መሸጎጥ የተለመደ ዘዴ ነው። ከፍታው ይመለሳል፤ ነገር ግን የተሸጎጠበት ቀለበት ሥራ ያቆማል፥ ሸክሙ በቀሩት ላይ ይወድቃል። መፍትሔው ሁለቱንም ጎን በአንድነት መቀየር ነው።

ዋናው ነገር ግን ያ «ጨምርበት» የሚባለው ነው። ብረት ቢጨመር ፍሬኑ፥ ጎማውና ሻንሲው የቀድሞዎቹ ናቸው፤ የመጫን አቅማቸው አልጨመረም። በአንዳንድ ፒክአፖችና ሚኒባሶች ላይ ደግሞ ከኋላ አክስል ጋር የተያያዘች ቀጭን ዘንግ አለች። ይህች ዘንግ በመኪናው ቁመት መሠረት ወደ ኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት ትመጥናለች። ኋላው ሲወርድ ጭነት አለ ብላ ግፊቱን ትጨምራለች፤ ከፍ ሲል ባዶ ነው ብላ ትቀንሳለች። ዘንጓን ሳናስተካክል ብረት ጨምረን ኋላውን ከፍ ካደረግነው፥ መኪናው ጢም ብሎ ተጭኖም ባዶ ይመስላታል። የኋላው ፍሬን ይሰንፋል፥ ሸክሙ ሁሉ በፊቱ ፍሬን ላይ ይሆናል፥ እሱም ይግላል። ከተማው ሜዳ ላይ ይህ ላይታወቅ ይችላል። ሰው ጭኖ ከደንገጎ ቁልቁል ሲወርድ ነው የሚታወቀው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ጋራዡ ሩቅ ነው።

ጥገናው ሲያልቅ የጎሚኒዎቹን ብሎኖች መኪናው በአራት እግሩ ከቆመ በኋላ አጥብቁ። ተንጠልጥሎ ሳለ የጠበቀ ጎሚኒ መሬት ሲነካ ይጠመዘዛል፥ ቶሎም ይቀደዳል። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር ጠፍረው የሚይዙትን ብሎኖች ጥቂት ቀን ከሠራ በኋላ እንደገና ሞክሯቸው፤ ይላላሉ። አራቱን ቁጥሮች እንደገና ለክታችሁ ከአሮጌዎቹ ጎን ከነቀኑ ጻፏቸው።