ስዕል ለመማር ቤት ይሸጣል እንዴ?

(ይህ ንግግር ጠመንጃ ያዥ በሚገኝ የእድር አዳራሽ፣ የሰፈሩ ሰው በተሰበሰበበት ምሽት የቀረበ ነው። እናትና ልጅ ጉዳያቸው በጋዜጣ እንዲወጣ ፈቅደው፣ ስማቸው ግን እንዲቀር ጠይቀዋል።)



የእድራችን ዳኛ «አንተ ጋዜጠኛ ነህ፣ እስቲ ስለዚህ ስዕል ስለሚሉት ነገር አስረዳን» ሲሉኝ ሳላስብ ነው እሺ ያልኩት። ኋላ ቤቴ ገብቼ ስቀመጥ ጨነቀኝ። ጋዜጠኛ ብትሉኝም ቋሚ ደመወዝ የለኝም፤ በጻፍኩት ልክ ነው የሚከፈለኝ። ያለኝም የኮሌጅ ዲፕሎማ ነው። ማስተርስ የሚባለውን ደጃፉን አልረገጥኩም። ታዲያ ያልተማረ ሰው ስለ ከፍተኛ ትምህርት ሲያወራ ከሰማችሁ ጉድ ነው በሉና እለፉኝ።

ነገሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር አንዲት ብሩሽ ያዥ ወጣችልን። (ሳቅ) ልጃችን በስዕል ዲግሪዋን ይዛለች። አሁን ደግሞ ጀርመን አገር ያለ አንድ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ለማስተርስ ተቀብሎሻለሁ ብሏታል። ደብዳቤውን አይቼዋለሁ። እናቷ ደግሞ እዚህ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው፣ የቀበሌው ቤት ሲፈርስ በእጣ የደረሳቸውን ኮንዶሚኒየም ሸጠው ሊልኳት ተነስተዋል። ዛሬ የተሰበሰብነው ለዚሁ ነው። ይሸጥ ወይስ አይሸጥ?

መጀመሪያ አንድ አባት በር ላይ ያነሱትን ጥያቄ ልመልስ። «ልጅቷ መሳል ትችላለች፤ ዲግሪም አላት። ከዚህ በላይ የስዕል ምኑን ነው የምትማረው?» ብለዋል። ደህና ጥያቄ ነው።

ከልጅቷም፣ ከሌሎች ሠዓልያንም ጠይቄ እንደተረዳሁት፣ በዲግሪው የሚማሩት በአብዛኛው እጅን ነው። የሰው አካል አሳሳል፣ የብርሃንና የጥላ ነገር፣ የቀለም ቅመማ፣ የሕትመት፣ የቅርጻ ቅርጽ ሥራ። ማስተርሱ ላይ ግን እጅሽን አሳይን የሚል የለም። የሚጠየቀው «ለምን?» ነው። ተማሪው የሠራውን ግድግዳ ላይ ይሰቅላል፤ መምህራንና የክፍሉ ልጆች ዙሪያውን ተቀምጠው ሥራውን ያብጠለጥሉታል። ክሪቲክ ይሉታል። ለምን ይህን ጨርቅ መረጥሽ? ይህ ነገር ከዚህ በፊት አልተሠራም ወይ? አንቺ ባትነግሪን ኖሮ ይገባን ነበር? በመጨረሻም ኤግዚቢሽን ይቀርባል፣ በብዙ ቦታ ስለ ሥራው የተጻፈ ጽሑፍም አብሮ ይጠየቃል። ዘመናዊ ጥበብ ደግሞ ሸራና ዘይት ቀለም ብቻ አይደለም። የኛው ኤልያስ ስሜ በተጣለ የኤሌክትሪክ ሽቦና በኮምፒዩተር ቁርጥራጭ የሠራቸው ሥራዎች የዓለም ታላላቅ ሙዚየሞች ውስጥ ገብተዋል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ብታዩት ኖሮ ቆራሌው ይውሰደው ትሉ ነበር።

ይህ «ለምን?» የሚሉት ነገር ትንሽ መስሎ እንዳይታያችሁ። እኔን አዋርዶኛልና አውቀዋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ አንድ ኤግዚቢሽን ጻፍ ተባልኩና «ዓይን የሚማርክ፣ የቀለም ቅንብሩ የተዋጣለት» እያልኩ አንድ ገጽ ሞላሁ። በማግስቱ ሠዓሊው ደወለልኝ። «ወንድሜ፣ ጽሑፍህን አነበብኩት። ስለ መጋረጃ ነው የጻፍከው?» አለኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ጽሑፌን እንደገና አነበብኩት። እውነቱን ነው! ለመጋረጃም ይሆናል። ሰውየው ምን እንደሠራ የምናገርበት ቃል አልነበረኝም። እስካሁንም ቢሆን ሠዓሊዎቻችን ስለ ሥራቸው በእንግሊዝኛ ይጽፋሉ፤ እኛ በአማርኛ «በጣም ያምራል» ብለን እንመለሳለን። ልጃችን ይህን ቃል ፍለጋ ነው የምትሄደው።

ሁለተኛው ጥያቄ የባሰ ነው። «ሄዳ ትቀራለች።» ማንም ጮክ ብሎ አላለውም፤ ግን ሁላችሁም በሆዳችሁ ይዛችሁታል። እኔም ይዤዋለሁ።

ታሪካችን ሁለቱንም ያሳያል። አቶ አለ ፈለገ ሰላም አሜሪካ፣ ቺካጎ ተምረው ተመለሱና በ1950 ዓ.ም. የአዲስ አበባን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ዛሬ ትምህርት ቤቱ በስማቸው ነው የሚጠራው። ከዚያው ትምህርት ቤት የወጡት ታደሰ መስፍን በደርግ ጊዜ ሌኒንግራድ ተልከው ማስተርሳቸውን ይዘው መጡና እዚሁ አስተማሩ። ካስተማሯቸው አንዱ ተስፋዬ ኡርጌሳ ነው። እሱ ደግሞ ጀርመን፣ ሽቱትጋርት ተማረ፤ ረጅም ዓመት ኖሮ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ2024 ኢትዮጵያ በቬኒስ ቢየናሌ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ድንኳን ስትከፍት ሥራው የቀረበው የዚሁ ልጅ ነው። ቢየናሌው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1895 ነው፤ ከዓድዋ ድል አንድ ዓመት በፊት ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ የት ነበርን? መልሱን ለባለሥልጣኖቻችን ልተወው።

ያልተመለሱትስ? ገብረ ክርስቶስ ደስታ ጀርመን፣ ኮሎኝ ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1962 ተመለሰ፤ ስንቱን አስተማረ! ከአብዮቱ በኋላ ግን ተሰደደ፤ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ ሎውተን በምትባል ከተማ ሞተ። ጀርመን የነበሩት ስዕሎቹ ከስንት ዓመት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። እሱ አልተመለሰም። እስክንድር ቦጎስያን ለንደንና ፓሪስ ኖሮ መጣ፣ ጥቂት ዓመት አስተምሮ ሄደ። ዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2003 እዚያው አረፈ። በአማርኛ ፊደል የሚሳለው ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍም ማስተርሱን እ.ኤ.አ. በ1980 የያዘው ከዚሁ ሃዋርድ ነው። አያችሁ? እስክንድር የሚያስተምርበትን ክፍል ለማግኘት የኢትዮጵያ ልጅ ዋሽንግተን መሄድ ነበረበት።

እነዚህ ሰዎች አገር ስለጠሉ ቀሩ የሚለኝ ካለ አልሰማውም። አገሩ ለሥራቸው ምን አዘጋጀ? በኛ ዘመን እንኳ ለዓመታት የዩኒቨርሲቲው በር 70 በ30 ተብሎ ለተፈጥሮ ሳይንስና ለቴክኖሎጂ ተከፍሎ፣ የቀረው የተማሪ ቁጥር ለሌላው ሁሉ ሲቃመስ አይተናል። ሐኪምና መሐንዲስ አያስፈልግም አላልኩም። ግን ስዕልን ከትርፍራፊ ጋር የቆጠረ አገር «ልጆቼ ለምን ሄዱ?» ብሎ ሲያለቅስ እንባው ያስቃል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። እዚህ ላይ ነው እናታችንን ማስቀየሜ።

ለጀርመን ቪዛ የራሱን ወጪ የሚችል ተማሪ ዝግ ሂሳብ የሚሉትን ከፍቶ የአንድ ዓመት መኖሪያ ማስቀመጥ አለበት። ከ2024 መስከረም ወዲህ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ 11,904 ዩሮ ተብሏል። በወር 992 ዩሮ እየቆነጠረ ነው የሚለቀቀው። የእኛን ብር ደግሞ ታውቁታላችሁ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ዋጋው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ዛሬ ያ ዩሮ ሲመነዘር ከ1 ሚሊዮን ተኩል ብር በላይ ነው። ይህ የመጀመሪያው ዓመት ብቻ! ትምህርቱ ሁለት ዓመት ነው። ክፍያውም እንደ ክፍለ ሀገሩ ይለያያል። ተስፋዬ የተማረበት የሽቱትጋርት ክፍለ ሀገር ከ2017 ወዲህ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጣ ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ የሚል ደንብ አውጥቷል።

እናታችን፣ ቤቱ ተሽጦ አንዱን ዓመት ይሸፍን ይሆናል። በሁለተኛው ዓመት ልጅቷ ስዕሉን ትታ ሳህን ስታጥብ ልትውል ነው። እርስዎ ደግሞ የኪራይ ቤት ገብተው አከራይ ሲያመናጭቅዎት። ያን ጊዜ እሷ ብሩሽ ስታነሳ የሚታያት ምን ይመስልዎታል? ቤቱ ነው። ስትሳሳት ቤቱ፣ ክሪቲክ ላይ ሲያብጠለጥሏት ቤቱ። ማስተርስ ደግሞ ደጋግሞ ለመሳሳት ካልሆነ ለምንም አይጠቅምም። በተሸጠ ቤት ላይ ማን ደፍሮ ይሳሳታል?

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ አይሸጥ ነው። ይህን ስል ልጅቷ አኩርፋብኛለች፤ ፊቷን እያየሁት ነው። እህቴ፣ ስሚኝ። አትሂጂ አላልኩም። ዳድ የሚባለው የጀርመን ድርጅት ለሥነ ጥበብም የትምህርት ዕድል ይሰጣል። አካዳሚው ቦታሽን ለአንድ ዓመት እንዲያቆይልሽ ዛሬ ማታ ጻፊላቸው። እምቢ ቢሉም እንደገና ማመልከት ይቻላል። አለ ትምህርት ቤትም ማስተርስ አለ፤ የአገር ቤቱን አትናቂው። እኔ ደብዳቤሽን አርምልሻለሁ። እንግሊዝኛዬ ሙሉ ባይሆንም ስለ መጋረጃ አልጽፍልሽም። (ሳቅ)

እናንተስ? ያመጣችሁት መዋጮ ለዩሮ አይበቃም፤ አንደባበቅ። ለቀለም፣ ለሸራና ለጥሩ ፎቶግራፍ አንሺ ግን ይበቃል። ማመልከቻ የሚገባው የሥራዎቿ ፎቶ ነው፣ በስልክ እንደነገሩ ከተነሳ ገና ሳይታይ ይወድቃል። ሌላም አለ። እዚህ ከተቀመጥነው ስንቶቻችን ነን ሥራዋን ያየን? እኔ ራሴ ያየሁት ሁለቱን ነው። ለማናውቀው ነገር ልናዋጣ ነው የመጣነው!

እና የእድራችን ዳኛ፣ የምጠይቅዎት ይህንን አዳራሽ ነው፤ ለአንድ ሳምንት። ሥራዎቿን እንስቀል። ከቤተ ክርስቲያንም ከገበያም ስትመለሱ ግቡና እዩ፣ ያልገባችሁንም ጠይቋት። «ለምን?» በሏት። ጀርመኖቹ ከመጠየቃቸው በፊት እኛ እንጠይቃት።

ብቻ አምፖሎቹ የሚሠሩት ሁለት ናቸው። መሰላል ያለው ሰው ካለ ቅዳሜ ጠዋት ይዞ ይምጣ። ቁልፉ ማን ጋ ነው?