የጓሳ ሣርና የጤፍ ፓተንት፦ የአእምሯዊ ንብረት መብት ተገቢ ነውን?



የዛሬው ንግግሬ የሚያነሣው ጥያቄ አጭር ነው፦ ሰው በፈጠረው አሳብ ላይ፣ ሌላውን እስከ መከልከል የሚደርስ የባለቤትነት መብት ሊኖረው ይገባል? ሕጋችን «አዎን» ብሎ መልሷል። አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለፈጠራ ሥራ የ15 ዓመት ፓተንት ይሰጣል፤ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ የደራሲን መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ይሁንና የሕግ መኖር ለመብቱ ፍትሐዊነት ማስረጃ አይሆንም።

ለመብቱ የሚቀርቡት ዋና ዋና መከራከሪያዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ከእንግሊዛዊው ፈላስፋ ከጆን ሎክ አስተሳሰብ የሚነሣ ሲሆን፣ ሰው የድካሙ ፍሬ ባለቤት ነው ይላል። ሁለተኛው፣ የደከመው ካልተካሰ ነገ የሚደክም አይገኝም የሚል ነው። ሁለቱም ክብደት አላቸው። ነገር ግን ከመሬትና ከቁስ ወደ ዕውቀት ሲሻገሩ እንቅፋት ይገጥማቸዋል።

እንቅፋቱን ለማየት ወደ መንዝ ጓሳ እንውጣ። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ ይሆናል፤ መሬቱም በክፉ ዘመን ለከብት መጠጊያ ነው። በአካባቢው ትውፊት መሠረት ይህን የወል መሬት የአቅኚዎቹ የአስቦና የጌራ ዘሮች «ቄሮ» በተባለ ሥርዓት ለዘመናት ጠብቀውታል። አባ ቄራ ወይም አፈሮ የሚባሉ አለቆች ይመረጡ ነበር። መሬቱ ለሦስት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል፤ ሲከፈት ባለመብቱ በደንቡ መሠረት ያጭዳል፣ ከብቱንም ያሰማራል፤ ደንቡን የጣሰ ይቀጣል። የክልከላው ምክንያት ግልጽ ነው። አንዱ ያጨደውን ሣር ሌላው ሊያጭደው አይችልም፤ ሁሉም ያለ ገደብ ካጨደ ደግሞ ለማንም አይተርፍም።

ዕውቀት ግን የሣር ሳይሆን የእሳት ጠባይ አለው። ጎረቤት ከምድጃችን ፍም ጭሮ ቢሄድ የእኛ እሳት አይቀንስም። ተካፍለውት የማያልቀውን ነገር መከልከል፣ ባልነበረበት ቦታ እጥረት መፍጠር ነው። ስለዚህ የማስረዳት ሸክሙ የሚወድቀው በከልካዩ ላይ ነው።

ታዲያ ክልከላው ጨርሶ ይቅር እንበል? እዚህ ላይ ገብስ ያስቆመናል። «ሰነፍ ቆሎ» የሚለው ስም ራሱ የገበሬን ምርጫ ይመሰክራል፦ ገለባው በቀላሉ ስለሚለቅ ብዙ ድካም የማይጠይቅ ገብስ ነው። ባለፈው ምዕተ ዓመት የውጭ ተመራማሪዎች፣ ገብስን የሚያቀጭጭና ቅጠሉን ቢጫ የሚያደርግ ቫይረስን የሚቋቋም ባሕርይ በኢትዮጵያ ገብሶች ውስጥ አግኝተው ወደ ካሊፎርኒያ ዝርያዎች አሻግረዋል። በዚያን ጊዜ ዘር የሰው ልጆች ሁሉ የጋራ ቅርስ ተደርጎ ይታይ ስለነበር፣ ዘሩን ጠብቆ ላቆየው ገበሬ ድርሻው ይድረሰው የሚል ዓለም አቀፍ ሕግ አልነበረም። እንግዲህ ክፍት በር ብቻውን ፍትሕ አይደለም፤ የድካሙን ባለቤት ስም አልባ ሊያደርገው ይችላል።

ከመንዝ ደጋ ወደ መርሐቤቴ ስንወርድ ገብሱ ለጤፍ ቦታ ይለቃል። የጤፍ ታሪክ ደግሞ የተቃራኒውን መንገድ ጉድለት ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2005 የብዝኀ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩትና የግብርና ምርምር ድርጅት፣ ኸልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል ከተባለ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር ውል ፈረሙ። ኩባንያው የጤፍ ዘር ይጠቀማል፤ ከጥቅሙም ያካፍላል ተባለ። ይሁን እንጂ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የፓተንት ማመልከቻ ከውሉ በፊት ገብቶ ነበር፤ የአውሮፓ ፓተንት ቢሮም በ2007 ፓተንቱን ሰጠ። በ2009 ኩባንያው ከሰረ። ውሉ ከኩባንያው ጋር አከተመ፤ ፓተንቱ ግን ወደ ሌላ ኩባንያ ተላልፎ ቀጠለ። ኢትዮጵያ ያገኘችው 4000 ዩሮ ገደማና በጅምር የቀረ የምርምር ሥራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 በሄግ ያስቻለው ፍርድ ቤት የፈጠራ ብቃት ይጎድለዋል በማለት ፓተንቱን በኔዘርላንድስ ዋጋ አሳጣው። ያም ቢሆን ተከራካሪዎቹ ሁለት ኩባንያዎች እንጂ ኢትዮጵያ አልነበረችም።

የዚህ ጉዳይ ዋና ስሕተት ምን ነበር? በእኔ እይታ፣ መብቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ግዴታው አለመከተሉ ነው። በቄሮ ሥርዓት ግን ሁለቱ አይነጣጠሉም ነበር፤ በጓሳ የሚጠቀም ሁሉ ጓሳን የመጠበቅ ግዴታም ነበረበት።

ቄሮን ያለ ነቀፋ ማወደሴ አይደለም። መብቱ በርስትና በዘር ሐረግ የተወሰነ ስለነበር፣ ሐረጉ የማይቆጠርለት ሰው ከውጭ ይቀር ነበር። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላም ሥርዓቱ ፈርሶ፣ ኅብረተሰቡ ጥበቃውን በሌላ አደረጃጀት መልሶ ማቋቋም ነበረበት። የሆነ ሆኖ ሦስት መመዘኛዎችን ልንወስድ እንችላለን። አንደኛ፣ ጓሳ የሚዘጋው ሊከፈት ነው፤ የዕውቀት ክልከላም ጊዜው አጭርና ፍጻሜው ለሁሉም መከፈት መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ግዴታው መብቱ በሄደበት ሁሉ ይከተለው። ሦስተኛ፣ በደንቡ የሚገደዱት ሰዎች ደንቡን በማውጣት ድምፅ ይኑራቸው፤ ቄሮ ራሱ የወደቀው በዚህ መመዘኛ ነው።

አዋጅ ቁጥር 482/1998 የማኅበረሰብ ዕውቀት ባለቤት ማኅበረሰቡ ራሱ መሆኑን ደንግጓል። ነገር ግን የአዋጃችን ኃይል ከድንበር አይሻገርም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 በጄኔቫ የጸደቀው ስምምነት የፓተንት አመልካቾች የጄኔቲክ ሀብቱን ምንጭ እንዲገልጹ ያስገድዳል። ይህ መልካም ጅምር ነው፤ ሆኖም ምንጩን የገለጸ ሁሉ ጥቅሙን እንዲያካፍል አያስገድድም።

ስለዚህ ለጥያቄው የምሰጠው መልስ ይህ ነው፦ የአእምሯዊ ንብረት መብት በራሱ የቆመ የተፈጥሮ መብት አይደለም፤ ተገቢነቱን በሚሸከመው ግዴታ ልክ የሚያገኝ አደራ ነው። ግዴታውን ጥሎ ብቻውን የሚጓዝ መብት ሲገጥመን ሕጋዊነቱን ብቻ አይተን ዝም ልንል አይገባም። በተለይ የሕግ ተማሪዎች፣ ፓተንት በተላለፈ ጊዜ ግዴታውም አብሮ እንዲተላለፍ የሚያስገድድ አንቀጽ እንዴት እንደሚረቀቅ እንድታስቡበት አደራ እላለሁ።