ይሰማ ያልን እኛም እንስማ
(በሲኒማ ራስ አካባቢ ለጀመዓ ከቀረበ ንግግር)

 ምስጋና ለአላህ ይገባው፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ጥር 28 ቀን 2005 «ጂሃዳዊ ሐረካት» የተባለው ፊልም በኢቲቪ ከታየ ወዲህ ብዙ ሰው «ምን መልስ እንስጥ?» እያለ ይጠይቀኛል። ፍርድ ቤት በወቅቱ ገና ያልፈረደባቸውን ኮሚቴዎቻችንን ከውጭ አሸባሪዎች ጋር አሰልፎ አሳይቷል። እኛ ኮሚቴዎቻችንን እናውቃቸዋለን፤ የመረጥናቸው እኛ ነን። ስለዚህ ፊልሙ ለእኛ የተሠራ አይመስለኝም። የተሠራው ክርስቲያኑ ጎረቤታችን እንዲፈራን ነው።

እንግዲያው መልሱም ከጎረቤት ይጀምራል። አንዋር መስጂድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ናቸው፤ የመርካቶ ሱቆቻችንም እንደዚያው። አጠገባችን ለሚነግደው ሰው ጥያቄያችን ምን እንደሆነ ነግረነው እናውቃለን? የመጅሊስ መሪዎቻችንን ራሳችን በነፃነት እንምረጥ፣ የአሕባሽ አስተምህሮ በግድ አይጫንብን፣ አወሊያ በገለልተኛ ቦርድ ይተዳደር። አንዱም የእሱን መብት አይነካም። መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባ የሚከለክለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 ለእሱም ዋስትና ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አባቶቻችን ለእኩልነት አደባባይ ሲወጡ ክርስቲያን ወገኖች አብረዋቸው ተሰልፈዋል። በዓሎቻችን ብሔራዊ በዓል የሆኑትም ከዚያ በኋላ ነው። ቀርቦ ያስረዳቸው ሰው ባይኖር ኖሮ ይወጡ ነበር?

የነጃሺን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። የቁረይሽ መልእክተኞች ስጦታ ይዘው መጥተው «እነዚህን ሰዎች አስረክበን» ሲሉት፣ እነሱን ሳልሰማ አልሰጥም አለ። ጃዕፈርን ጠርቶ ሰማው። እኛ ዛሬ ከመንግሥት የምንጠይቀው ይህንኑ ነው።

ግን ወደ ራሳችንም እንመልከት። መስከረም 27 ቀበሌ ሄዶ ለመጅሊስ ድምፅ የሰጠ ወንድም በመካከላችን አለ። እኔ ምርጫው በመስጂድ መሆን ነበረበት ከሚሉት ነኝ፤ ዛሬም ያንኑ እላለሁ። ሆኖም ያ ወንድም ፈርቶ ይሁን አምኖበት የጠየቀው የለም። «ሙናፊቅ» ተብሎ ሰላምታ ተነፈገ። «አክራሪ» የሚለው ስም ያለ ማስረጃ ሲለጠፍብን ያንገበገበን ሰዎች ይህን ማድረግ አልነበረብንም። በመድረሳ ሕፃናት በጨዋታ ሲጣሉ «አንተ አሕባሽ!» ሲባባሉ እሰማለሁ። የሰባት ዓመት ልጅ ይህን ከኪታብ አላገኘውም፤ ከቤት ነው።

ደግሞ ምርጫ እንዴት እንደሚካሄድ መርካቶ አስተማሪ አያስፈልገውም። በእቁባችን ሙስሊምም ክርስቲያንም፣ ጉራጌም ስልጤም ኦሮሞም አለ። ዳኛውንና ጸሐፊውን አባላቱ ይመርጣሉ፣ እጣው በሁሉም ፊት ይወጣል፣ ቅር ያለው ይናገራል። ከቀበሌ መጥቶ ዳኛ የሚሾምልን የለም፤ ቢመጣም ገንዘባችንን አንሰጠውም። ይህንኑ ለመስጂዳችን እናድርገው። የመስጂዱ ኮሚቴ የሥራ ዘመኑ ይታወቅ፣ ሂሳቡ በጀመዓው ፊት ይነበብ፣ እህቶችም ድምፅ ይስጡ። የእህቶቹን ነገር ስናገር ፊቱን ያጠቆረ አያለሁ። በየጁሙዓው ከእኛ ጋር ሲቆሙ ድምፃቸው ተፈልጎ ነበር እኮ!

ከፊታችን ባለው ጁሙዓ ከሰላት በኋላ ሂሳቡ እንዲነበብ ለኮሚቴያችን ጥያቄ እናቀርባለን። ቀበሌ ሄዶ የመረጠውንም ወንድም ጥሩት፤ ይምጣ፣ ይናገር።

አላህ ለታሰሩት ወንድሞቻችን ፈረጃውን ያቅርብላቸው። አሚን።