ሽለላና ፓንክ

አቅራቢ 1፦ ከጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ነን። የሙከራ ሙዚቃ የሚወደው የኔዘርላንድ ፓንክ ባንድ «ዘ ኤክስ» የጌታቸው መኩሪያ አድናቂ ነበር። ሽለላን በሳክስፎን የተጫወቱትን እኚህን አንጋፋ ባንዱ እ.ኤ.አ. በ2004፣ 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር አምስተርዳም ጋበዛቸው፤ በ2006 ደግሞ «ሞአ አንበሳ» የተሰኘው አልበም በጋራ ወጣ። አድናቂነት እንዲህ ወደ ማጀብ ሲያድግ የማዳመጥ ጥልቀቱ ይታያል።

አቅራቢ 2፦ የፓንክ ጊታር ግን ሽለላውን አይውጠውም? ወግ የሚጠፋው እንዲህ ነው የሚሉ አሉ።

አቅራቢ 1፦ ስጋቱ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሽለላ ድሮም ለጦር ሜዳ የተፈጠረ፣ ወኔ የሚቀሰቅስ ድምፅ ነው። ሻካራው ጊታር ለዚያ ባሕርይ ባዕድ አይደለም። በዚያ ላይ በአልበሙ ፊት ለፊት የሚሰማው ሳክስፎኑ ነው፤ ባንዱ አጃቢ ሆኖ ቦታውን ለቀቀላቸው። ወግም እንደ ዛፍ ነው፤ በዚህ ማዕከል አገር በቀል ዛፍ የሚጠበቀው እንዲያድግ ተተክሎ ነው።

አቅራቢ 2፦ እሺ፤ አድማጭ ግን አስቀድሞ የጌታቸውን የቀድሞ ሥራዎች የያዘውን «ኢትዮፒክስ» ቅጽ 14ን ይስማ፤ ልዩነቱን ራሱ ይመዝናል።