ነርሷና መንገዱ
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ስለ ነርስ ለመናገር መነሣቴ የሚያስገርማችሁ አትጠፉም። እኔ መንገድ አጥኚ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ዳሩ ግን በሰሜን ጎንደር ደጋ እኛ ቀያሾች ከመድረሳችን በፊት ነርስ ያልረገጠችው መንደር ጥቂት ነው።

የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ ነበር። ኮሌጁ የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን በአንድነት እያሠለጠነ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ላከ። ከጎንደር እስከ ደባርቅ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ይኬዳል፤ ከዚያ ወዲያ፣ ወደ ጃናሞራና በየዳ፣ ለረጅም ዘመን ጉዞው የበቅሎና የእግር ነበር። የውጭ አገር ተጓዥ መጽሐፍ ይጽፍበት የነበረውን መንገድ እነሱ «የመስክ ሥራ» ብለው በአንድ መስመር መዝግበው ያልፉታል።

በ1963 ዓ.ም. የተጀመረው የፈንጣጣ ማጥፊያ ዘመቻ አንድ ነገር ቀሎለት ነበር፤ ክትባቱ የደረቀ ስለሆነ ሙቀት ይችላል። የኩፍኙ ግን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ካልተጠበቀ ይበላሻል። እንግዲህ ነርሷ በረዶ ተሸክማ ከጸሐይ ጋር ትሽቀዳደማለች።

በሥራዬ መጀመሪያ በዚያ ደጋ የተሽከርካሪ ቆጠራ አካሄድኩ። በሦስት ቀን ያየሁት ሁለት መኪና ብቻ ነበርና ድልድይ አያዋጣም ብዬ ውኃ በላዩ የሚያልፍ መሻገሪያ እንዲሠራ ሐሳብ አቀረብኩ፤ ተሠራም። በተከታዩ ክረምት ስመለስ ከሞላው ወንዝ ዳር አንዲት ጎልማሳ ነርስ የክትባት ሣጥናቸውን በነጠላ ሸፍነው ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ሲስተር፣ ቢመለሱ አይሻልም?» አልኳቸው።

«እናቶቹ ማዶ ቆመው እያየኻቸው ወዴት እመለሳለሁ፣ ልጄ?»

መንገዱን ያጠናሁት እኔ መሆኔን ብነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው፣ «ታዲያ እኔን በየትኛው ረድፍ ጻፍከኝ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ሰንጠረዤ ለከባድ መኪና፣ ለአውቶቡስና ለትንንሽ መኪና እንጂ ለእሳቸው ረድፍ አልነበረውም።

በረዶው ቀለጠ፤ የዚያን ቀን የተከተበ ሕፃን የለም። እናቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው ዳገቱን ሲመለሱ ከወዲህ ሆነን አየን። ሲስተር በሳምንቱ ግማሽ ቀን የሚያስኬድ ዙሪያ ጥምጥም ሄደው ገቡ።

ዛሬ ሰንጠረዤ የእግረኛና የጭነት እንስሳ ረድፍ አለው። የዚያ ወንዝ የእግረኛ ድልድይ ጥናት ግን ሁለት ጊዜ ቀርቦ ገንዘብ አልተገኘለትም። ሦስተኛው ይኸው በእጄ ነው፤ ከስብሰባው በኋላ ስሌቱን የምትመረምሩልኝ ሁለት የድልድይ መሐንዲሶች እፈልጋለሁ።